ቅዱስ ጊዮርጊስ ጡንቻ ያወጣው መቼ ነው?

ከደሴ እስከ ወልዲያ፣ በባጃጅ መስታወት ላይ፣ በቴሌግራም ቻናሎችና በንግሥ በዓል ባነሮች ላይ አዲስ ዓይነት ቅዱስ ጊዮርጊስ መታየት ጀምሯል። ደረቱ ሰፊ፣ ክንዱ ጂም የገባ ሰው ክንድ፣ አገጩ የፊልም ተዋናይ አገጭ ነው። ጢም ያበቀለም አለ። ፈረሱ ብቻ እንደ ድሮው ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ዐፄ ቴዎድሮስና ቅዱስ ላሊበላም በዚያው ሰውነት እየተሠሩ ይወጣሉ። አብዛኞቹ ሥዕሎች እጅ የነካቸው አይደሉም፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ላይ ጥቂት ቃል ተጽፎ በሰከንዶች ውስጥ የተገኙ ናቸው።

ነገሩን "ባህላችን ተበረዘ" ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ ግን ስሕተት ነው። የአገራችን ሥዕል ከውጭ ሲዋስ የኖረ ነው፤ ከሮም፣ ከግብፅ፣ ከፍላንደርስ (ከዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ)፣ በኋላም ከሩሲያዋ ሌኒንግራድ ተውሷል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ድሮ የተዋሰው ሁሉ በሠዓሊ እጅ አልፎ እንደገና ይሣል ነበር። ዓይኑ ይሰፋል፣ ልብሱ ይለወጣል፣ ፊቱ ወደ ተመልካቹ ይዞራል። አሁን ግን ከስልኩ ወደ ማተሚያው ቀጥታ ይሄዳል። ይህን ለማየት ወሎ የተመቸ አገር ነው፤ የወንድ መልክ በኢትዮጵያ ሥዕል የተለዋወጠባቸው ዋና ዋና ምዕራፎች እዚሁ ምልክት ትተው አልፈዋልና።

ዓይንና ልብስ

ከላሊበላ እንጀምር። በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ ከዐለቱ ተፈልፍለው የወጡ፣ ቁመታቸው የሰው ያህል የሆነ ቅዱሳን አሉ። ልብሳቸው ረጅም ነው፤ ሰውነታቸው ከልብሱ ሥር የለም ማለት ይቻላል። ቀራፂው የደከመው በልብሱ እጥፋት፣ በራስ ጥምጥሙና በእጅ አያያዙ ላይ ነው። በላሊበላ አቅራቢያ ባለችው ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለው ዐፄ ይኩኖ አምላክም (1263–1278 ዓ.ም. ገደማ የነገሠው) ማን እንደሆነ የሚታወቀው በንጉሥነቱ ምልክትና በጽሑፉ ነው፤ የፊቱ ቅርጽ ከሌሎቹ ብዙም አይለይም። በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው የ13ኛው ክፍለ ዘመን የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ሥዕሎችም የዚያው ዘመን ቤተሰብ ናቸው፤ ፊት ለፊት የቆመ ሰው፣ ሰፊ ዓይን፣ የወረደ ልብስ።

ዓይን የሚለው ላይ ቆም እንበል፤ ሕጉ ያለው እዚያ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል። ሰይጣን፣ ገራፊ ወታደርና ከሐዲ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ደንቡ እጅግ ሥር የሰደደ ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ጦርነት ሥዕል ገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን የዐድዋን ድል የሚያሳዩትን ሥዕሎች ማየት ይበቃል፤ የእኛዎቹ በሁለት ዓይን፣ ጣሊያኖቹ በአንድ ዓይን ናቸው። የወሎው ራስ ሚካኤል ከሌሎቹ መኳንንት የሚለየው በስሙ ጽሕፈት፣ በለምዱ፣ በጋሻውና በፈረሱ ጌጥ ነው። ፊቱን ሸፍኖ ልብሱን ብቻ ቢያዩ ማዕረጉን ማወቅ ይቻላል፤ ልብሱን ሸፍኖ ፊቱን ቢያዩ ግን ምንም አይታወቅም።

አካል ጭራሽ አልተሣለም ማለት አይደለም። የተሣለው ግን የተጎዳ አካል ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለብዙ ዓመት ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደተቆረጠ ገድላቸው ይናገራል፤ ሠዓሊው የወደቀውን እግር ከጎናቸው ያስቀምጣል፣ ክንፍ ይጨምርላቸዋል። እኚህ አባት በትውፊት ሐይቅ ገብተው በአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር የተማሩ ናቸው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ደግሞ ልብስ የላቸውም፤ ጠጉር ሸፍኗቸዋል። ሰውነቱ የከበረው በጎደለው ነው፤ ከዛሬው የጂም ፖስተር ጋር ሲተያይ ፍጹም ተቃራኒ።

በቃል የተሠራው ውበት ከቀለሙ ይበልጥ ዝርዝር አለው። መልክእ የሚባለው የግእዝ ድርሰት ቅዱሱን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እየዘረዘረ "ሰላም ለ" እያለ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ አርኬ አምስት ስንኝ ነው። መዝራዕት፣ ኩርናዕ፣ እመት፣ እራኅ፣ አጻብዕ፣ አጽፋር እየተባለ ክንድ ብቻ ስድስት ቦታ ይከፈላል። ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ልብና ሕሊና፣ አንጀትና ኩላሊት ሰላምታ ይደርሳቸዋል። ይህን ያህል አካል ተቆጥሮ ጡንቻ ግን ቦታ የለውም። መልክአ ጊዮርጊስ የሚያደርስ ደብተራ የሰማዕቱን ክንድ ያወድሳል፤ የሚያወድሰው ግን በሠራው ሥራ እንጂ በውፍረቱ አይደለም።

የወሎ ሙስሊም ሊቃውንት ደግሞ ሥዕሉን ጭራሽ ወደ ድምፅ አዞሩት። በጀማ ንጉሥም ሆነ በዳና ሐድራ ላይ በድቤ የሚዘየረው መንዙማ የነቢዩን ገጽ በኑር፣ በሙሉ ጨረቃ፣ በሽቶ መዓዛ ያወድሳል። ምስል አይሣልም፣ ውበቱ ግን ተነግሮ አያልቅም። እዚህ ላይ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ደንብ ይገናኛል፤ የወንድ ውበት ያለው ፊቱ ላይ ነው፣ ፊቱም ብርሃን ነው። ወሎ ላይ ደብሩና መስጊዱ ጎረቤት ስለሆኑ ይህ አጋጣሚ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ብድሩ እንዴት ይሠራ ነበር

የመጀመሪያው ምሳሌ ጎንደር ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1590–91 ሮም ላይ የታተመ የዐረብኛ ወንጌል ነበር፤ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የሠራቸው የእንጨት ህትመት ሥዕሎች ያሉበት። መጽሐፉ ጎንደር ደርሶ ሠዓሊዎች የሥዕሎቹን አቀማመጥ ወሰዱ። አልገለበጡትም። የቴምፔስታ ሰው ጠማማ ወገብና የተወጠረ ባት ያለው የጣሊያን ሰው ነው፤ ጎንደር ላይ ወገቡ ቀጥ አለ፣ ባቱ በልብስ ተሸፈነ፣ ጥላው ወደ መስመር ተለወጠ። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ፊት ላይ ቀይ ቡናማ ጥላ ማስገባት ተለመደ፤ ሥጋው ክብ መሰለ። ይህም ከውጭ የመጣ ስልት ነው። ሆኖም ጥላው የሚቀባው በፊት ዳርና በአንገት ላይ ነው፤ ብርሃን ከየት እንደመጣ ለማሳየት አይደለም። ስለዚህ ያንን ሥዕል አይተው ፀሐይዋ በየትኛው ወገን እንደነበረች መናገር አይቻልም።

ሁለተኛው ምሳሌ ወሎ ላይ የተቋጨ ነው። ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው የክርስቶስ ሥዕል በእሾኽ አክሊል ራሱን ዘንበል ያደረገ፣ የታመመ፣ የተዋረደ ወንድ ነው። ባለሙያዎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በፍላሚሽ ወይም በፖርቱጋል ሠዓሊ እጅ እንደተሠራ ይናገራሉ። ነገሥታቱ ዘመቻ ሲወጡ ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ በዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ዘመን ከሱዳኑ የፉንጅ መንግሥት ጋር በተደረገው ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1744) ተማርኮ በካሣ ተመልሷል። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ ወሰደው፤ በኋላ ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ። ዋናው ሥዕል አልተመለሰም፤ ግልባጮቹ ግን በየደብሩ ቀሩ። ግልባጮቹን ከዋናው ጋር ማስተያየት ለሠዓሊ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ዓይኖቹ ሰፍተዋል፣ የፊቱ ዙሪያ በጥቁር መስመር ተዘግቷል፣ የፍላንደርሱ ለስላሳ ጥላ ወደ ሁለትና ሦስት ቀለም ወርዷል። ከአውሮፓ የመጣ ፊት በግልባጭ በግልባጭ የእኛ ሆነ። ብድር ማለት ይህ ነው።

የተበደርነው አካል አመጣጥ

ታዲያ ስልኩ የሚያወጣው ሰውነት ከየት መጣ? ግሪክ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት 440 ገደማ ፖሊክሌይቶስ ጦር የያዘ ወጣት ከነሐስ ሠራ። ቁመቱ በራሱ ጭንቅላት ሲለካ ወደ 7 ይመጣል፤ ክብደቱን በአንድ እግሩ ጥሎ ሌላውን አላልቶ ይቆማል። ነሐሱ ጠፍቷል፤ የምናየው ሮማውያን በእብነ በረድ የገለበጡትን ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ሊሲፖስ ጭንቅላቱን አሳንሶ ቁመቱን 8 አደረሰው። ሰውየው ሳይረዝም ረዘመ። ሮማዊው ቪትሩቪዩስ ጭንቅላት የቁመት አንድ ስምንተኛ፣ የጫማ እግር ርዝመት አንድ ስድስተኛ ነው ብሎ ጻፈው፤ ሊዮናርዶ እ.ኤ.አ. በ1490 ገደማ በክብና በአራት ማዕዘን ውስጥ ሣለው። ሚኬላንጄሎ ከ1501 እስከ 1504 የሠራው ዳዊት ከ5 ሜትር በላይ ነው፤ እጁና ጭንቅላቱ ግን ሆን ተብሎ ከልኩ ተልቋል። ወንጭፍ የያዘው የእረኛ ልጅ እንዲህ ግዙፍ ሆኖ መቆሙ ለእኛ አንባቢ ሁሌም ትንሽ ያስቃል።

ግሪኮች ሐውልቶቻቸውን ቀለም ይቀቡ ነበር። ቀለሙ ረግፎ የቀረውን ነጭ ድንጋይ የ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን "ንጹሕ ውበት" ብለው ተቀበሉት። ከዚያ ድንጋዩ ወደ ሥጋ ተመለሰ። ኦይገን ሳንዶው የሚባል ጀርመናዊ ሰውነቱን በነጭ ዱቄት እየቀባ እንደ ሐውልት ቆሞ ፎቶ ይነሳ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1901 ለንደን ላይ የጡንቻ ውድድር አዘጋጀ፤ ከዳኞቹ አንዱ ቀራፂ ነበር። የጂም ፖስተር፣ የፊልም ጀግናና የቪዲዮ ጌም ወታደር የዚያ ቤት ልጆች ናቸው። አሁን ያሉት ሥዕል አውጪ መተግበሪያዎች የተማሩት ኢንተርኔት ላይ በብዛት ከተገኘው ምስል ነው፤ በብዛት ያለው ደግሞ ይህ ሰውነት ነው። "ጀግና ኢትዮጵያዊ ንጉሥ" ብሎ የጻፈ ሰው ሳንዶው ቡናማ ቀለም ተቀብቶ ካባ ደርቦ ቢመጣለት መደነቅ የለበትም።

ጠጉሩ፣ ፎቶው፣ ፖስተሩ

ወሎ ላይ ከፊት ቀጥሎ የወንድ ውበት መለኪያ ጠጉር ነው። ራያ ላይ በቅቤ የራሰ፣ ሚዶ የተሰካበት ጎፈሬ የጎረምሳ ኩራት ነው። የጦር ሰው ሲሸለም የአንበሳ ጎፈር ራሱ ላይ ያደርጋል፤ ሠዓሊውም ያንን ጎፈር ጨረር አስመስሎ ይሥለዋል። ቴዎድሮስ ያለ ሹሩባ አይታሰቡም። መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ እንግሊዞች ከጠጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ፤ ለንደን ሙዚየም ውስጥ ኖሮ መጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የመቅደላው ምርኮኛ ልዑል ዓለማየሁ ደግሞ በ1860 ዓ.ም. ክረምት እንግሊዝ አገር በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ፤ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አንገቱን ደፍቷል። ያ ፎቶ ከዚያ በፊት በነበረው ሥዕላችን ያልነበረ ነገር አመጣ። ማዕረጉን ሳይሆን ያንን አንድ ልጅ ያሳያል።

ፎቶ ቤት ወደ ደሴ ሲመጣ ግን አሮጌው ደንብ ተመልሶ ገባ። ሰውየው ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ፣ የእጅ ሰዓቱ እንዲታይ እጅጌው ይሰበሰባል፣ ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ይሰካል። ማዕረግ ነው፤ ጋሻው በሰዓት ተተክቷል እንጂ። አንሺው ኔጌቲቩን በቀጭን እርሳስ እየነካ የፊቱን ጉድለት ያጠፋል። የዛሬው የስልክ ፊልተር ያንኑ ሥራ ነው የሚሠራው፤ የፎቶ ቤቱ ሰው ግን ደንበኛውን ያውቀው ስለነበር ጠባሳውን አጥፍቶ አፍንጫውን አይነካም።

ደርግ ሲመጣ ሰውነት በፖስተር ገባ። ወዛደር፣ ገበሬና ወታደር ጎን ለጎን፣ የተጨበጠ እጅ፣ የተጠቀለለ እጅጌ። እውነቱን ለመናገር በሥዕላችን የወንድ ክንድ በጉልህ የታየው ያኔ ነው። ወሎ ላይ ይህ መራር ትዝብት ነበረበት፤ የ1965–66ቱ ረሃብ ያጎሳቆለው ገበሬ ፖስተሩ ላይ ባለ ፈርጣማ ትከሻ ሆኖ ይታይ ነበር። አዲስ አበባ ላይ በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የትግላችን ሐውልት የዚያ ቋንቋ ትልቁ ምሳሌ ነው፤ የሠሩትም የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። ወልዲያ የተወለደው ሠዓሊ ታደሰ መስፍን ግን በሌኒንግራድ የአካል አሣሣል ተምሮ መጥቶ ሌላ መንገድ ያዘ፤ በታወቀበት ሥራው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው የቆሙት የገበያ ሴቶች ናቸው። የተማረውን አካል እንደገና ሣለው ማለት ነው። የወንዱ አካል እንደዚያ የሚሥለው ሰው ገና እየጠበቀ ነው።

ደንበኛ በስልክ ሥዕል ይዞ ሲመጣ

የስልክ ሥዕል ይዞ "ይህን ሥራልኝ" የሚል ደንበኛ በየሠዓሊው በር ይመጣል። መመለስ አያስፈልግም፤ እንደ ኵርዓተ ርእሱ ገልባጮች መሥራት ይበቃል።

መጀመሪያ ልኩን ማስተካከል ነው። የስልኩ ሰው ብዙ ጊዜ 8 ጭንቅላት ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል አጠር ይላል፣ 6 እንበል። በሸራ ላይ 180 ሳንቲ ሜትር የሚቆም ሰው በስልኩ ልክ ጭንቅላቱ 22 ተኩል ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ6 ሲካፈል 30። እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት ጭንቅላቱን አሳድጎ እጁን እንደነበረ መተው ነው፤ ቅዱሱ የሕፃን እጅ ይይዛል። የሚባርከው እጅ ከፊቱ ጋር አብሮ ማደግ አለበት፣ ጣቶቹም መርዘም አለባቸው። ትከሻው በአንጻሩ ይጠባል። ትከሻውን ሳያጠቡ ጭንቅላቱን ማሳደግ ትግል የሚገጥም ሰው ያስመስለዋል።

ቀጥሎ ፊቱን ማዞር። የስልኩ ጀግና ወደ ጎን አሻግሮ ማየት ይወዳል፤ በእኛ ደንብ ይህ የከሐዲ ቦታ ነው። ሙሉ በሙሉ ፊት ለፊት ባይሆን እንኳ ሁለተኛው ዓይን በደንብ መታየት አለበት። ብሌኑ ከላይኛው ሽፋሽፍት ጋር ይነካካ፤ በመሐል ከተንሳፈፈ የደነገጠ ይመስላል። የብርሃን አክሊሉ በኮምፓስ የሚሠራው ፊቱ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው፤ መርፌው በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ አፍንጫ ሥር ላይ ይተከል። አክሊሉን ቀድሞ ማክበብ ጭንቅላቱ ሲዞር ባርኔጣ ያስመስለዋል።

ጡንቻውን ለማጥፋት መፋቅ አያሻም፤ ማልበስ ይበቃል። ደረቱን ያጣበቀው የሮማ ጥሩር በካባ ይሸፈን፣ እጥፋቱም ከትከሻ ወደ ታች ቀጥ ባለ መስመር ይውረድ። ከአንድ ወገን የሚመጣውን የፊልም ብርሃን ትቶ ቀይ ቡናማውን ጥላ በፊቱ ዳር በሁለቱም በኩል እኩል መቀባት ነው። ጥቁሩ መስመር መጨረሻ ይመጣል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ከተሰመረ ይፈስሳል።

ከዚያ ስለ ምልክቶቹ። ጊዮርጊስ ወጣትና ጢም የሌለው ነው፣ ፈረሱ ነጭ ነው፤ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ከሐዲውን ንጉሥ ኡልያኖስን ይወጋል። መተግበሪያው ሁለቱን ያደባልቃል፣ ጊዮርጊስ ከዘንዶው ያዳናትን ብሩታዊትን ከዛፉ ላይ ይረሳታል፣ ዘንዶውን ክንፍ ያወጣለታል፣ ግእዙንም ፊደል የሚመስል ጭረት ያደርገዋል። ጽሑፉ በማንኛውም ሁኔታ በእጅ እንደገና ይጻፍ።

ባነር ብቻ ለሚያሳትሙ አንድ ስሌት ይበቃል። 1080 ፒክስል ወርድ ያለው የስልክ ሥዕል 2 ሜትር ወርድ ባለው ባነር ላይ ሲዘረጋ በኢንች 14 ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል፤ ከሩቅ ያምራል፣ ቀርቦ ለሚሳለም ሰው ግን ፊቱ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይፈርሳል። በስክሪን ላይ ወርቃማ የነበረው የፊት ቀለምም በማተሚያው አራት ቀለም ሲወጣ ይጨልማል፤ ከመታተሙ በፊት አንድ ክንድ የምታህል ናሙና ማሳተም ወጪውን ያድናል።

ደብሩ አሮጌ ሥዕሉን በአዲስ ሊተካ ከወሰነ ደግሞ ሳይነቀል ፎቶ ይነሳ፤ ፍላሽ ጠፍቶ፣ በደመናማ ቀን በር ተከፍቶ፣ ካሜራው ከሥዕሉ መሐል ትይዩ ሆኖ። ከጎኑ ማስመሪያ ይቁም፤ ሙሉው አንድ ጊዜ፣ ፊትና እጅ ለየብቻ። የሚቀጥለው ሠዓሊ ስንት ጭንቅላት እንደሆነ የሚለካው ከዚያ ፎቶ ላይ ነው።